ስድስት ሰዓት ላይ የሚገባው ባቡር

እንደምን አመሻችሁ፣ የፊልም ወዳጆች!

መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ከዚህ በፊት ያየው ካለ እሱም አጠገቡ ላለው እንዳይነግር አደራ።

የዛሬው ፊልም «ሃይ ኑን» ነው። በፈረንጆቹ 1952 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ። ርዕሱ ቀትር ማለት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆምበት ሰዓት። ፊልሙ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት በየቦታው አለ። ሁለቱም ዘንጎች 12 ላይ ሲገጥሙ በእኛ ስድስት ሰዓት መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ። አለዚያ መሀል ላይ ጣት መቁጠር ይጀመራል።

ዊል ኬን የሃድሊቪል ከተማ ማርሻል ነው፤ ሕግ አስከባሪው ማለት ነው። ጠዋት አገባ። የማርሻልነት ምልክቱን፣ የደረቱን ኮከብ፣ ፈትቶ አስቀመጠ። ከሙሽራዋ ጋር ሊሄድ ሲል ወሬ መጣ። እሱ ያሳሰረው ሽፍታ፣ ፍራንክ ሚለር፣ ተፈቷል፤ በቀትሩ ባቡር ይገባል። ሦስት ጓደኞቹ ጣቢያው ላይ እየጠበቁት ነው። ሙሽራዋ ኤሚ ደግሞ ኩዌከር ናት፤ በእምነቷ ሰው ላይ መሣሪያ ማንሳት አይፈቀድም።

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ውስጥ «በለው!» እያልን አክተሩን የምናጣድፈው ትዝ ይላችኋል? ዛሬ ብትጮሁም አይሰማችሁም። ፊልሙ 85 ደቂቃ ነው፤ ዋናው ተኩስ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አክተሩ ምን ይሠራል? በር ያንኳኳል። «አብራችሁኝ ቁሙ» እያለ ሰው ይለምናል።

እነዚያን በሮች ተከታተሉልኝ። ሚለር ላይ የፈረደው ዳኛ ባንዲራውን አጥፎ፣ የፍትሕ ሚዛኑን ጠቅልሎ ፈረሱ ላይ ይጭናል። አንዱ ወዳጁ ቤት ውስጥ ተደብቆ ሚስቱን «የለም በይው» ይላታል። ሴትዮዋ ውሸት አያምርባትም፤ ፊቷን እዩት። የቀድሞው ማርሻል እጁን ቁርጥማት ይዞታል። የሆቴሉ ሠራተኛ ደግሞ በሚለር ጊዜ ገበያው ደርቶ እንደነበር ሳያፍር ይናገራል። እሺ የሚሉት አንድ ዓይና ሰካራምና «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው» ብሎ የሚዋሽ ልጅ ናቸው። እነሱን ደግሞ ራሱ ኬን ይመልሳቸዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። አንድ የተከበረ ሰው ተነስቶ ኬንን ያመሰግናል። ያመሰግናል፣ ያመሰግናል፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሂድልን» ይላል። መንገድ ላይ ደም ከፈሰሰ ከሰሜን ይመጣል የተባለው የባለሀብት ገንዘብ ይቀራላ! እኔን ሚለር አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ይሄ ሰውዬ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለምና። የአብዛኞቹም ሰበብ ውስጥ ትንሽ እውነት አለ።

ጸሐፊው ካርል ፎርማን ይህን ከአየር ላይ አላመጣውም። ጽሑፉን እየሠራ ሳለ፣ በ1951፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ጠራው። ያኔ በሆሊውድ ኮሚኒስት የሚታደንበት ጊዜ ነው። ፎርማን ቀደም ሲል የፓርቲው አባል ነበር። የሌሎችን ስም ጥራ ተባለ፤ አልጠራም። ሰዎች ሸሹት። የሥራ ሸሪኮቹም ከድርጅቱ አስወጡት። በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እሱ ራሱ በር እያንኳኳ ነበር ማለት ነው።

ኬንን የሚጫወተው ጋሪ ኩፐር ያኔ 50 ዓመቱ ነው፤ ጤናውም ደህና አልነበረም። በፖለቲካ ከፎርማን ጋር አይገናኙም፤ ኩፐር ወግ አጥባቂ ነበር። ቢሆንም ከጎኑ ቆመ። ፎርማን ሊያቋቁም ባሰበው ኩባንያ ውስጥ ገንዘብ አስገባለሁ ብሎ ስሙን ሰጠ። ከዚያ ጫናው በረታበትና እሱም ወጣ። ለዚሁ ፊልም በምርጥ ተዋናይነት ኦስካር አገኘ። ሐቁን ልንገራችሁ፣ ይህን ካወቅኩ ወዲህ የኩፐርን ፊት እንደ ድሮው ማየት አቅቶኛል።

ፊልሙን ያልወደዱትም አሉ። የካውቦይ ፊልሞች አክተሩ ጆን ዌይን አሜሪካዊ ያልሆነ ፊልም ነው ብሎታል። የሚያስቀው፣ በ1953 ኩፐር በሌለበት ኦስካሩን የተቀበለለት እሱ ነው! ሌላው ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስም ሕግ አስከባሪ ሆኖ እርዳታ መለመን ምን የሚሉት ነው ብሎ በ1959 «ሪዮ ብራቮ»ን ሠራ፤ ዌይንን ይዞ። እሱም ግሩም ፊልም ነው፤ ለሌላ ምሽት ይቆየን። ፖላንዶች ደግሞ በሰኔ 1989 ምርጫ የኩፐርን ምስል በፖስተር ለጠፉት። እጁ ላይ ሽጉጥ የለም፤ የምርጫ ወረቀት ነው የያዘው።

ሰማዩንም እዩት። የዛሬው ፊልም ዳይሬክተር ፍሬድ ዚነማንና የካሜራ ባለሙያው ፍሎይድ ክሮስቢ የካውቦይ ፊልም የለመደውን የሚያምር ደመና አልፈለጉም። የነጣ፣ የደረቀ፣ እንደ ድሮ ዜና ፊልም ያለ ነው። ጥላ የሚጣልበት ቦታ የለም።

እንግዲህ ልጨርስ። ሲጀመር ሜዳ ላይ ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ታያላችሁ። ሊ ቫን ክሊፍ ነው፤ ብዙዎቻችን በጣሊያን ካውቦይ ፊልሞች የምናውቀው። ይሄ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም፤ አፉ የሚሠራው ሃርሞኒካ ሲነፋ ብቻ ነው።

መብራቱን አጥፉልን።