ኳስ ሳይደርሰው የሚያይ ሰው፦ ስለ ፖል ስኮልስ

ውድ የኳስ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! በተለይ ከፊት የተቀመጣችሁ ታዳጊ አማካዮች፣ ዛሬ የማወራው ለእናንተ ነው።

ስለ እንግሊዛዊው የማንቸስተር ዩናይትድ አማካይ፣ ስለ ፖል ስኮልስ ነው። ቁጥሩን ቶሎ ልበልና ልለፈው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች ናቸው። ለማንቸስተር ዩናይትድ 718 ጨዋታ፣ 155 ጎል፣ 11 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ። በፕሮፌሽናል ዘመኑ ለሌላ ክለብ አልተጫወተም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የድሮ ጨዋታዎቹን ስታዩ እስቲ ኳሷን ተዉና እሱን ብቻ ተከተሉት። ኳስ ገና ሌላ ሰው ጋ እያለች አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ከኋላው ማን እንዳለ አይቶ እንደገና ያያል፣ ስለዚህ ኳሷ ስትደርሰው እሱ አስቦ ጨርሷል። ፈጣን አልነበረም። ግዙፍም አልነበረም። አስም ያለበት ልጅ ነው። ግን የሜዳው ሌላ ጫፍ ላይ ለቆመ የክንፍ ተጫዋች ኳሷን እግሩ ላይ ነበር የሚያስቀምጥለት።

በ2000 ብራድፎርድ ላይ ያስቆጠራትን ጎል ፈልጋችሁ እዩ። ተከላካዮቹ ሁሉ ጎሉ አፍ ላይ ተሰብስበው ቤካም የማዕዘን ምቷን ከሳጥኑ ውጪ ብቻውን ለቆመው ስኮልስ ላካት። መሬት ሳትነካ መታት፣ መረብ ውስጥ ገባች።

በ1999 ቱሪን ላይ፣ ከጁቬንቱስ ጋር በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ተቀይሮ ገብቶ ቢጫ አየ፤ በዚያ የተነሳ ባርሴሎና ከተማ ላይ የተደረገው ፍጻሜ አመለጠው። ክለቡ ታሪክ ሲሠራ እሱ በሙሉ ልብስ ቆሞ አየ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ2008 በዚያው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የባርሴሎና ክለብ ወደ ዩናይትድ ሜዳ፣ ኦልድትራፎርድ፣ መጣ። በ14ኛው ደቂቃ የባርሴሎናው ተከላካይ ዛምብሮታ በደንብ ያላራቃት ኳስ እግሩ ስር ገባች፣ ከሩቅ መትቶ አገባት፣ በሁለቱም ጨዋታ የተቆጠረችው ብቸኛ ጎል እሷ ነበረች። ሞስኮ ላይ ፍጻሜውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰለፈ። እንዴት ደስ ይላል!

የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ነገር ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ጄራርድና ላምፓርድ መሃል እንዲጫወቱ ተብሎ ይሄ ሰው ወደ ግራ መስመር ተገፋ። አንገቱን አዙሮ ሙሉ ሜዳ የሚያይን ሰው መስመር ላይ ስታቆሙት ግማሹን ሜዳ ወሰዳችሁበት ማለት ነው። ከ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ በ29 ዓመቱ፣ በ66 ጨዋታና በ14 ጎል፣ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ። እሱ ለቤተሰቤ ብዬ ነው አለ፤ አምነዋለሁ። ሆኖም አገሪቱ በእጇ የነበረውን ሰው በቅጡ አልተጠቀመችበትም።

በ2011 ጫማ ሰቀለ። ግን ጥር 2012 ላይ፣ በ37 ዓመቱ፣ ተመልሶ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር በተደረገው የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ 22 ቁጥር ለብሶ ተቀይሮ ገባ። ወዲያው ኳስ አበላሸና ሲቲ ጎል አገባ፤ ዩናይትድ ግን 3 ለ 2 አሸነፈ። እሱም አልደነገጠም፣ መሃል ሜዳውን ይዞ ቀጠለ፤ በ2013 አስራ አንደኛውን ዋንጫ አንስቶ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው።

አመሰግናለሁ።