የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሬሚንግተን 700 ወይስ ዊንቸስተር 70?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ የአደን ትምህርቱን ጨርሼ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ጎረቤቴ እ.ኤ.አ. በ2008 የገዛውን ሬሚንግተን 700 በቅናሽ ሊሸጥልኝ ነው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ አዲስ ዊንቸስተር 70 አይቻለሁ፤ ዋጋው እጥፍ ነው። ሁለቱም .30-06 ጥይት የሚጎርሱ፣ በእጅ የሚቀባበሉ ናቸው። አጋዘን ለማደን የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መማርዎ ደስ ብሎኛል። መቶ ሜትር ላይ ለቆመ አጋዘን ሁለቱም ከበቂ በላይ ስለሆኑ በዒላማ አላወዳድራቸውም። እኔ የማየው ጥይት ከጎረሱ በኋላ ያላቸውን ጠባይ ነው።

ሬሚንግተን 700 ከ1962 ጀምሮ የተሠራ፣ በዒላማው የተመሰገነ ጠመንጃ ነው። የአሜሪካ ጦር ኤም 24 የተባለውን የአልሞ ተኳሾች መሣሪያ የሠራው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። የእርስዎ ጎረቤት ጠመንጃ ግን የተገዛበት ዓመት ያሳስበኛል። ኩባንያው በኤፕሪል 2014፣ ከሜይ 1 ቀን 2006 እስከ ኤፕሪል 9 ቀን 2014 የተሠሩ፣ ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለ ምላጭ ያላቸው ጠመንጃዎች እንዲመለሱለት ጥሪ አድርጎ ነበር። ምክንያቱም በመገጣጠሚያው ላይ የተጠቀሙት ማጣበቂያ አንዳንዴ ስለሚበዛ ጠመንጃው ተኳሹ ሳያስብ ሊተኩስ ይችል ነበር። ስለዚህ ጎረቤትዎን ምላጩ ተስተካክሎ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ማስረጃ ካለውም ይመልከቱ። ከሌለው ጠመንጃውን ወደ ባለሙያ ወስደው ሌላ ምላጭ ያስገጥሙለት። ያ እስኪሆን ድረስ አንድ ጥይት እንኳ አያጉርሱት፤ እባክዎን። የመጣው ይምጣ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ዊንቸስተር 70 በ1936 ገበያ ላይ የዋለ ነው። ጥይቱ ከካርታው መውጣት ሲጀምር ቀለሁን ከግርጌው ጠልፎ የሚይዝ ጠንካራ መንጠቆ አለው፤ ይህም ከጀርመኑ ማውዘር 98 የተወሰደ ነው። አገር ቤት የአያቶቹን ምንሽር እያየ ያደገ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። በ1964 ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ብሎ መንጠቆውን አስቀርቶት ነበር፤ የተመለሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዊንቸስተር የሚፈልግ ሰው የተሠራበትን ዘመን ይጠይቅ።

እኔን ወደ ዊንቸስተር የሚያደላኝ ግን የደኅንነት ቁልፉ ነው። ሦስት ቦታ አለው። ወደ ኋላ ሲሳብ ጠመንጃው አይተኩስም፣ መቀባበያውም ይቆለፋል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል፤ መካከል ላይ ሲቆም መቀባበያው ይንቀሳቀሳል እንጂ ጠመንጃው አይተኩስም። ኖቬምበር ላይ ሲመሽ፣ ጣትዎ በብርድ ደንዝዞ ዛፍ ላይ ካለው ማማ ሊወርዱ ሲሉ ያስቡት። ቁልፉን በአውራ ጣትዎ መካከል ላይ ያቆሙታል፤ መቀባበያውን ስበው ጥይቶቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ጓንትዎ ምላጩን ቢነካው እንኳ አይተኩስም። ከ1982 በፊት የተሠሩት ሬሚንግተኖች ግን ቁልፉ ወደ መተኮሻው ካልተገፋ መቀባበያቸው አይከፈትም፤ ጥይት ለማውጣት ጠመንጃውን ለመተኮስ ዝግጁ ማድረግ ግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ይህ ተለውጧል፤ የጎረቤትዎም ከተለወጡት ወገን ነው። ቢሆንም አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ ማዞርን የሚተካ ቁልፍ የለም።

ስለዚህ አቅም ካለዎት ዊንቸስተሩን ይውሰዱ። ከሌለዎት የጎረቤትዎን ገዝተው ምላጩን ይቀይሩ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ የማነጣጠሪያ መነጽርና ለልምምድ ጥይት ያውሉት። ከመክፈልዎ በፊት ባዶ መሆኑን በዐይንዎም በጣትዎም አረጋግጠው፣ ዐይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ትከሻዎ ላይ ያሳርፉና ይግለጡ። አንገትዎን ሳያንቀሳቅሱ በመነጽሩ ሙሉውን ክብ ካዩ ሰደፉ ለእርስዎ ልክ ነው። ከጎረቤትም ቢገዙ ግዢውን ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል ይፈጽሙ። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 ያላነሰ ካሊበር (የአረሩ ውፍረት በኢንች) ትጠይቃለች፤ በተለይ በምሥራቁ በኩል ግን እንዲህ ባለ ጠመንጃ ማደንን ከልክለው ሾትገን (ብዙ ፍንጣሪ አረር የሚበትን መሣሪያ) የሚፈቅዱ አውራጃዎች ስላሉ፣ የሚያድኑበትን ቦታ ደንብ ሳያዩ ገንዘብ አያውጡ።

ጥያቄ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ ጋር ለአደን ሊወጣ ነው። ባለቤቴ የራሱን .30-06 ሊሰጠው ይፈልጋል። እኔ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው። ያ ጥይት የአዋቂንም ትከሻ ያማል። ልጁ አንዴ ሰደፉ ትከሻውን ከመታው በሚቀጥለው ጊዜ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ይጨፍናል፤ ይህ ልማድ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ጥፋቱ የሚያርፈው አጋዘኑ ላይ ነው፤ ቆስሎ ያመልጥና ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ ይሞታል። .243 ዊንቸስተር የተባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ይግዙለት፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግማሽ ገደማ ነው። የኮሎራዶ ሕግ ለአጋዘን የሚጠይቀውን የ.24 ካሊበርም ያሟላል፤ የአረሩ ክብደት ብቻ ከ70 ግሬን እንዳያንስ። ሰደፉ አጠር ያለ፣ ለልጆች የተሠራ ይሁን። በዚያ ዕድሜ ያለ አዋቂ ማደን አይፈቀድለትም፤ አባቱ ከአጠገቡ አይራቅ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ጓደኛዬ ከቨርጂኒያ የአጋዘን ሥጋ ያመጣልኛል። ለጥሬ ወይም ለለብ ለብ ክትፎ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ይህን የምለው ክትፎ ጠልቼ አይደለም። የዱር እንስሳ እንደ በሬ ታርዶ በሐኪም አይመረመርም፤ አንጀቱ በጥይት ተበስቶ ሥጋው ተበክሎ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣም ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል። በዚያ ላይ አጋዘንን አመንምኖ የሚገድል በሽታ አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 ነው። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ በሽታው ካለበት አካባቢ የመጣ ከሆነ ጓደኛዎ ያስመርምረው፤ ውጤቱ ሳይታወቅ አይብሉት።

የጠመንጃ አደኑ የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 በመሆኑ ሥጋው ለብዙዎቻችን እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ከመቀመጡ በፊት ጓደኛዎ በምን ጥይት እንደመታው ይጠይቁት። የእርሳስ አረር ሲፈነዳ ለዐይን የማይታይ ስብርባሪው ከቁስሉ ርቆ ይበተናል፤ ይህም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ጎጂ ነው። እኔ ቤት ልጆች ስላሉ በመዳብ አረር ብቻ ነው የማድነው። በእርሳስ የተመታ ሥጋ ሲሰጡኝ ደግሞ የቁስሉን ዙሪያ ሰፋ አድርጌ ቆርጬ እጥላለሁ፤ ለውሻም አልሰጠውም።