«ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ አትላንታ የምንኖር ሁሉ የጆርጂያ ምክር ቤትን ባለ ወርቅ ጉልላት እናውቀዋለን። በግቢው ያለውን ሐውልት ልብ ብለን ያየን ግን ጥቂቶች ነን። በ1868 ሕዝብ መርጧቸው፣ ጥቁር በመሆናቸው ብቻ ለተባረሩ 33 እንደራሴዎች የቆመ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከተባረሩት አንዱ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ነው። በ1834 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከነፃ ቤተሰብ ተወለደ። ጥቁር ልጅን ፊደል ማስቆጠር ግን በዚያ አገር በሕግ የተከለከለ ነበር። ጠበቆች ቢሮ በጽዳት ሲሠራ ጠበቆቹ ደብቀው አስተማሩት። ሰባኪ ሆነ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም የጥቁር ወታደሮች ቄስ ሆኖ ዘመተ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የጆርጂያ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ተርነር በጉባኤው ነበረ። ጥቁሮች የመምረጥ መብት አገኙ፤ መመረጥ እንደሚችሉ ግን በግልጽ አልተጻፈም። ተርነር ነጮቹን አምኗቸው ነበር፤ ለትናንት ባላጋራዎቹ ምሕረት እስከመጠየቅ የደረሰ ሰው ነው። ከሜከን ከተማ ተመርጦ ምክር ቤት ሲገባ «ምረጡ እንጂ ተመረጡ አልተባላችሁም» አሉት። መልካቸው ፈካ ያለ አራት እንደራሴዎች ግን ጥቁርነታቸው አልተረጋገጠም ተብሎ በወንበራቸው ቀሩ። እስቲ አስቡት፤ ቆዳ እየታየ ወንበር ሲነጠቅ!

ሴፕቴምበር 3 ቀን ተርነር ተነሥቶ ተናገረ። ለመብቴ ብዬ ማንም ፊት አላጎነብስም፣ አልለምንምም አለ። «ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም? ሰው ከሆንኩ የሰው መብት ይገባኛል።» 250 ዓመት እርሻችሁን አርሰናል፣ አዝመራችሁን ሰብስበናል፤ ለአባቶቻችን ላብ ካሳ አንጠይቅም፣ የምንጠይቀው መብታችንን ነው አላቸው።

አልሰሙትም፤ አባረሩት። በ1870 የፌዴራሉ መንግሥት አስገድዷቸው ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

በኋላ ጳጳስ ሆነ። በ1898 ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ፣ ራሳቸውን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው የተሰባሰቡ ጥቁር ክርስቲያኖችን ጎበኘ። ስሙን ያገኙት እኛ በልጅነታችን ከደገምነው ከዳዊት ነው፤ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች።»

ከዚህ ስንወጣ ወደ ሐውልቱ እንሄዳለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ከሥሩ የተጻፈውን እንግሊዝኛ እነሱ ያንብቡልን፤ እኛ ደግሞ በአማርኛ እናጫውታቸዋለን።