ገናን ውለህ ሂድ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር ቢሮዬ መጣ። ለምርምር አሜሪካ ሊሄድ ነው፣ ለመምህራንና ለተመራማሪዎች ልውውጥ በሚሰጠው በጄ-1 ቪዛ፣ ለሃያ ሁለት ወር። «ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» አለኝ። ስለ ካፖርት ወይም ስለ ቤት ኪራይ የምነግረው መስሎት ነበር። እኔ ግን «መቼ ነው የምትገባው?» አልኩት። ግራ ገባው። «ዲሴምበር መጨረሻ» አለ። ልቤ ድንግጥ አለ።

እኔም እንደሱ ነበር የሄድኩት። በ2015 ታኅሣሥ ላይ። እናቴ ጌሾዋን ወቅጣ ጠላ ጠንስሳ ነበር። «ገናን ውለህ ሂድ ልጄ፣ ዐሥር ቀን ምን አላት?» አለችኝ። ኮንትራቴ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል፣ ቀደም ብዬ ልደላደል ብዬ እምቢ አልኳት። ጠላውን ሳልቀምስ የዓባይን በረሃ ወረድኩ። ታኅሣሥ 20 አሜሪካ ገባሁ፣ በነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 29፣ 2022።

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ። የአሜሪካ ሕግ በጄ-1 ለሚሄድ መምህርና ተመራማሪ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ የቆየበትን ቀን አይቆጥርበትም። ቀኑ ካልተቆጠረ ለታክስ እንደ ነዋሪ አይታይም፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር፣ ማለትም የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮም አይቆረጥበትም። እኔ ሁለት ዓመት ሲባል ከገባሁበት ቀን የሚነሳ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የሚታየው የዘመን መቁጠሪያው ዓመት ነው። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ብትገኙ እንኳ ያ ዓመት ሙሉውን ተበላ ማለት ነው። የእኔ ሦስት የዲሴምበር ቀናት 2022ን ጠቅልለው ወሰዱት። 2023 ሁለተኛው ሆነ። ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ቀኔ መቆጠር ጀመረ፣ ጁላይ 1 ላይ እንደ ነዋሪ የሚያስቆጥረው 183 ቀን ሞላ። ልመለስ የቀረኝ ጥቂት ሳምንት ነበር።

ያን ወር የደመወዝ ወረቀቴን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት የሌሉ ሁለት መስመሮች ገብተውበታል። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ 6.2 በመቶ። ሜዲኬር፣ 1.45 በመቶ። ያውም ከጃንዋሪ ወዲህ ያለው ተደምሮ። ደመወዝ ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ትሑት ነበሩ፣ ቀን መቁጠሪያ አውጥተው በእርሳስ ቆጠሩልኝ። ከገና በኋላ ብገባ ኖሮ 2023ና 2024 ሁለቱም ነጻ ይሆኑልኝ ነበር። እናቴ የለመነችኝ ዐሥር ቀን!

በዚያው ኮሪደር አንድ ግብፃዊ መምህር ነበር። የምንሠራው አንድ ዓይነት ሥራ ነው። እሱ ከደመወዙ የፌዴራል የገቢ ግብር አይቆረጥበትም፣ እኔ ይቆረጥብኛል። በዕውቀት አልበለጠኝም። ግብፅና አሜሪካ ተደራራቢ ታክስን ለማስቀረት የተፈራረሙት ስምምነት አለ፣ ውስጡም ለመምህራን እስከ ሁለት ዓመት ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ አለበት። ከአፍሪካ እንዲህ ያለ የገቢ ግብር ስምምነት ከአሜሪካ ጋር ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዝያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እኛ የለንም። ስምምነቱ ባብዛኛው የሚጠይቀው ደግሞ ፓስፖርትን ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት የየት አገር ነዋሪ እንደነበራችሁ ነው። ስለዚህ ካይሮ ኖሮ የሄደ ኢትዮጵያዊ ዕድሉ ከእኔ ሊለይ ይችላል።

ስምምነት ያለው ሰውም ይጠንቀቅ። በብሪታንያና በአሜሪካ ስምምነት፣ ለማስተማር የሄደ ሰው ቆይታው ከሁለት ዓመት ካለፈ ነጻነቱን የሚያጣው ወደፊት ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ይነሣበታል። አንድ ወር ጨምሮ መቆየት የሁለት ዓመት ግብር ያስከፍላል። ጥናቴን ልጨርስ ብሎ የቆየ ሰው ላይ ይህ ሲደርስ አስቡት።

አገራችንም ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ ከቻይና፣ ከህንድና ከሌሎችም ጋር ስምምነት አላት። ግን ስምምነት አለ ማለት ለመምህራን የተለየ አንቀጽ አለ ማለት አይደለም። አገሮች ለድርድር መነሻ የሚያደርጉት የኦኢሲዲ፣ የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት፣ ናሙና ስምምነት ለተማሪዎች እንጂ ለመምህራን አንቀጽ የለውም። በድርድር ጠይቆ የሚያስገባው ያገኛል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከውጭ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈርሙ ፎቶ እንነሳለን፣ እናጨበጭባለን። የመምህሩ ግብር እንዴት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ስለ ጤና መድኅኑና ስለ ቪዛው እንደሚነገረው ሁሉ ይህም ከመፈረሙ በፊት ሊነገረው ይገባል። መብቱ ነው።

እዚህም ቤት ጣጣው አይቀርም። በገቢ ግብር አዋጁ፣ በ979/2008፣ እዚህ መኖሪያ ቤት ያለው ሰው ውጭ ቢከርምም ነዋሪ ሊባል ይችላል። ሁለቱም አገር «የኔ ነዋሪ ነህ» ካሉ ስምምነት ያላቸው መዳኛ አላቸው። መጀመሪያ ቋሚ ቤቱ የት ነው ይባላል፣ ቀጥሎ ኑሮውና ቤተሰቡ ወዴት ያደላል ተብሎ ይለያል። ስምምነት የሌለን ሰዎች የሚቀረን ውጭ የከፈልነው ግብር እዚህ እንዲታሰብልን መጠየቅ ነው። ለዚያ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። የከፈላችሁበትን ወረቀት ሁሉ ያዙ። እኔ አንዱን ጥዬ መጥቼ በኢሜይል ስለምን ወራት ፈጅቶብኛል።

ለዚያ ወጣት ይህንን ሁሉ ነገርኩት። ወረቀት ላይ ዓመታቱን አስምሬ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቴ ደወለ። ማክሰኞ ሳገኘው ጉዞው ለጥር 2 ተይዞለታል። እናቱ ፍኖተ ሰላም ናቸው። ገናን እሳቸው ጋ ይውላል።