የሚዞረው አንዱ ብቻ ነበር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። «ያን ፊልም ከእንግዲህ አላነሣም» ብዬ ቃል መግባቴን አልዘነጋሁም፤ የዘመን አቆጣጠር ቀልዴም እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እሑድ ማታ አባቴ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ዕረፍት ስለነሣኝ ቃሌን ማፍረስ ግድ ሆኖብኛል።

በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ልጅ የሚተርከውን «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የተባለውን ፊልም አብረን እያየን ነበር። በፈረንጆቹ ከ1985 ተነሥቶ 1955 ላይ ያረፈው ማርቲ ካፌ ገብቶ ባንኮኒው ጋ ሲቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው ወጣት የገዛ አባቱ መሆኑን ገና አላወቀም። ወዲያው ጉልበተኛው ቢፍ ገብቶ «ማክፍላይ!» ብሎ በቤተሰብ ስማቸው ሲጣራ ሁለቱም እኩል ዞረው ያያሉ። እኔ እንደ ወትሮዬ ሳቅሁ። አባቴ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «እኛ አገር ቢሆን ኖሮ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። የእርሱ ስም ከእኔ ስም ቀጥሎ ይጻፋል እንጂ እኔ አልጠራበትም። ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ታውቃላችሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ስለ ፊልሙ ተጽዕኖ ሲወራ የሚቆጠረው ሌላ ሌላው ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር፣ ወደሚሄዱበት ለመድረስ መንገድ እንደማያስፈልግ የሚናገረውን የፊልሙን መዝጊያ ጠቅሰዋል። ማርቲ በጊዜ ውስጥ የሚጓዝባት ዴሎሪያን የተባለችውም መኪና አለች፤ ቤልፋስት አጠገብ የነበረው ፋብሪካ ወደ 9,000 የሚጠጉ መኪኖች ሠርቶ በ1982 ከከሰረ በኋላ ያስታወሳት ይህ ፊልም ነው። ማርቲ በሁለተኛው ክፍል የሚሄድበት ኦክቶበር 21 ቀን 2015 በእውን ሲደርስም በየአገሩ አክባሪ አላጣም (እኛ ጥቅምት 10 ቀን 2008 ላይ ነበርን፤ ይቅርታ፣ አላስቻለኝም)።

ለእኔ ግን የፊልሙ ጉልበት ያለው መነሻው ላይ ይመስለኛል። ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ቦብ ጌል ሐሳቡ የመጣለት የአባቱን የትምህርት ቤት የመታሰቢያ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ነው፤ አባቱ የተመራቂዎቹ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ አየና፣ አብረው ቢማሩ ኖሮ ይወዳጁ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። አባቴ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለውም፤ ያለው ጠርዙ የተበላ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ወደዚያች ቅጽበት ልመለስ። «የሚዞረው አንዱ ብቻ ነበር» ሲል እየቀለደ ነበርን ወይስ ቅር ብሎት? ልጅ ሳለሁ የሰፈር ልጆች ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ በአባቴ ስም ይጠሩኝ ነበር፤ እኔም እዞር ነበር፤ የምዞረው ግን ልደባደብ ነው። የአባቴን ስም እንደ ስድብ እሰማው ነበር ማለት ነው። ይህን ልነግረው እያመነታሁ በፊልሙ ውስጥ መብረቅ የሰዓት ማማውን የሚመታበት 10:04 ደረሰ፤ አባቴም «በእኛ 4 ሰዓት ከ4 ነው» አለና የእጅ ሰዓቱን አይቶ ሊተኛ ተነሣ።

ሁለተኛውን ክፍል ስናይ እነግረው ይሆናል። ወይም ደግሞ አልነግረውም… እርሱስ በልጅነቱ በአያቴ ስም ሲጠሩት ዞሮ ያውቅ ይሆን? እንጃ…