ጭጋጉ የመጣበት ደቂቃ

እ… እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። ስለዚያው ጊታር ነው፣ "አዲስ ይምሰል" ተብሎ አሮጌ ቀለሙ እስከ እንጨቱ ተልጦ እንደገና ሰማያዊ ስለተነፋው። አዎ፣ ጓዳ ሽቦ ላይ የተሰቀለው ቦዲ፣ የጊታሩ ገላ። ስለ እሱ ሳላወራ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

አራተኛው እጅ ክሊር ላይ ነው፣ በሰማያዊው ላይ የሚነፋው ቀለም የሌለው ላከር። ከላይ እስከ ታች ተነፋ፣ እንደ መስታወት ተኛ። አያችሁ፣ ሃያ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሠላሳ፣ በጣም ያምር ነበር። ከዚያ ከላይኛው ቀንድ፣ ከቦዲው ሹል ጫፍ፣ በኩል ነጭ ነገር ጀመረ። መጀመሪያ የመስኮቱ ብርሃን ይመስላል። ጎንበስ ብለህ ስታይ ብርሃን አይደለም፤ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ነው። ከቀንዱ ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ ወደሚያርፉበት ቦታ፣ ወረደ፣ ሰማያዊው ከሥሩ እየራቀ… እየራቀ ሄደ። ቀለም መንፊያው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ አየሁት።

የሚያንገበግበኝ ምክንያቱ የታወቀ መሆኑ ነው። ናይትሮ፣ ማለትም ይኸው የምነፋው የላከር ዓይነት፣ የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ነው። ቲነር ሲተን ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እጃችሁ ላይ ሲፈስ ቅዝቅዝ የሚለው ለዚህ ነው። የቦዲው ፊት ከአየሩ በላይ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ እዚያው ያርፋል፣ ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እንደሚያልበው። ያ ውሃ ክሊሩ ውስጥ ገብቶ ያነጣዋል። እንግዲህ ሐምሌ ነው፣ ጅማ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እዚህ አገር ቡና 12 በመቶ አካባቢ እርጥበት እስኪቀረው አልጋ ላይ ይገላበጣል፤ ደመና ሲመጣ ይሸፈናል፣ ማታ ይሸፈናል። በዝናብ ቡና የሚያሰጣ የለም። ቀለምስ?

በዚያች ደቂቃ ቶሎ ብላችሁ ሌላ ክሊር መደረብ ያምራችኋል። እንዳታደርጉት፤ እርጥበቱን ይቆልፍበታል። ተዉት፣ ይደር። በነጋታው ፀሐይ ከወጣ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ፣ ቲነር ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሪታርደር፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚተነውን ቲነር፣ ጨምሩና 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ናይትሮ በራሱ ቲነር ተመልሶ ይሟሟል፤ ፊቱ ሲላላ ውሃው ይወጣል። ሪታርደሩ ከበዛ ግን ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ የጥፍር ምልክት ይቀበላል። ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የቡና ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ አትንፉ፤ ትነቱ እሳት ይስባል። የጨርቅ ማስክም ትነት አያግድም፣ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው።

ምን እያልኩ ነበር… እ፣ መላጡ።

እውነቱን ለመናገር ጭጋጉ አይደለም የያዘኝ። ከእንጨቱ ድረስ መላጥ አስፈላጊ ነበር ወይ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከናይትሮ ወደ ወፍራም የፖሊስተር ቀለም መዞር ጀመሩ፤ እሱን ቲነር አይነካውም። በሙቅ አየር አለስልሰህ፣ ከሥር በመፋቂያ እያነሳህ ነው የምታወጣው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ እንጨቱ ይጠቁራል፣ የተጣበቁት ሳንቃዎች መጋጠሚያም ሊላቀቅ ይችላል። አሮጌው ቀለም ካልተላቀቀና ካልተሰነጠቀ ግን በቁጥር 320፣ ከዚያ በ400 ብርጭቆ ወረቀት አብረቅራቂነቱን አጥፍቶ በላዩ ላይ መንፋት ይበቃል። ኔኩ፣ ማለትም የጊታሩ አንገት፣ የሚገባበትን ጉድጓድ ግን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ነው፤ እዚያ ቀለም ከወፈረ ኔኩ አይገጥምም።

የዘይት ቀለም ላይ ግን ናይትሮ እንዳትሞክሩ፤ ቲነሩ ያኮማትረዋል።

የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን። የቆየ በርጩማ መሐሉ ያበራል። ያንን ማንም አልነፋበትም፣ የተቀመጡበት ሰዎች ናቸው ያወጡት። የጊታሩም የክንድ ማረፊያ እንደዚያ ነበር፤ ሰማያዊው ሳስቶ እንጨቱ ይታይ ነበር። እሱም አብሮ ተፋቀ። "አዲስ ይምሰል" ነው የተባለው፣ አዎ… ግን መጠየቅ ይቻል ነበር። "ይህቺን ቦታ ልተዋት?" ማለት ይቻል ነበር።

አሁን ቢታረምም ገና ነው። ቢያንስ ሦስት እጅ ክሊር ይቀረዋል፣ በቀን ከሦስት በላይ አይነፋም፣ ከዚያ ሦስት አራት ሳምንት ይሰቀላል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱት፤ ቲነር ከሸተተ አልደረቀም። ከደረቀ በኋላ በ1000፣ በ1500፣ በ2000 ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ መፋቅ ነው። የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ከገባ እንጨቱ አብጦ ክሊሩን ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል፤ ቀድማችሁ ቀዳዳውን በሰም ዝጉት።

ወይ ደግሞ እስከ ጥቅምት ይቆይ? አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ሳየው ቀንዱ ላይ ያለው ነጭ ትንሽ የሳሳ መሰለኝ። በራሱ ደርቆ ይሆን፣ ወይስ ብርሃኑ ነው… የክንዱ ማረፊያ ግን…