መደርደሪያችን ላይ ያለውን ማሽኑ አያውቅም

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ ሰው ወይ ማስፈራሪያ ወይ ውዳሴ ይጠብቃል። እኔ ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለ መደርደሪያችን ነው።

አንድ ተማሪ የማጣቀሻ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ርዕሱ የመንዝ ጓሳ ነው። ዝርዝሩ ያምራል። የጸሐፊ ስም፣ የጆርናል ስም፣ ዓመት፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ምኑ ቅጡ። "እነዚህን አውጡልኝ" ይላል። እንፈልጋለን፤ የለም። ጆርናሉ አለ፤ በዚያ ገጽ ላይ ያለው ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ከየት አመጣኸው ሲባል ትንሽ ያፍርና "ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ" ይላል። እዚህ ካላችሁት የላይብረሪ ሰዎች ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ማሽኑ ተንኮል አስቦበት አይደለም። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ሞዴሎች ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታሉ። እንደ ካታሎግ መዝገብ ገልጠው አያዩም። ስለ ጉዳዩ ብዙ ካነበቡ ግምታቸው ይቀናል። ካላነበቡም አፋቸው አይያዝም። አዳዲሶቹ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ይመልሳሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚያገኙት ክፍት የሆነውን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ተማሪዎች ይህቺን ያዙልኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ጓሳ እውነተኛ ጥናት ሞልቷል። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የመንዝ ሰው ራሱ ሕግ አውጥቶ ለብዙ ትውልድ የጠበቀው ቦታ ነው። ጭላዳው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ። ተመራማሪው ከውጭም ከውስጥም ይመጣል። ገበሬው ቤቱ አስገብቶ፣ ጠላ ቀድቶ፣ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። ጥናቱ ሲታተም ግን ከፊሉ በዶላር ካልተከፈለበት አይነበብም። የዚያ ገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ አገሩ ላንብብ ሲል "የካርድ ቁጥር አስገባ" ይባላል።

የእኛው ተማሪዎች የጻፉት የመመረቂያ ጽሑፍስ? በጠንካራ ልባድ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ነው። ማሽኑ አያውቀውም። ፍቼ ያለ ተማሪም አያውቀውም። ለዚህኛው የውጭ አሳታሚ ልንከስ አንችልም።

መመሪያ የለም እንዳንል ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለዩኒቨርሲቲዎች የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ይሁን ነው ነገሩ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ትጋት ነው፤ እሱን እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን።

ሸዋ ጽሑፍን ቀድቶና መዝግቦ የማዳረስን ሥራ ከኮምፒውተር በፊትም አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጹን አሳንሶ በሚያስቀር የፎቶ ፊልም፣ ተነሥተዋል። በጠቅላላው ከ9,000 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም የሸዋና የወሎ ናቸው። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄደ። ከካታሎጎቹ አብዛኞቹን ያዘጋጁት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሠሩት። መጽሐፉ ምንድን ነው፣ ማን ጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን፣ ኅዳጉ ላይ ምን ተጽፏል፤ አንድ በአንድ። ዛሬ ከእነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹን ሸንኮራ ቁጭ ብሎ በስልክ ማየት ይቻላል። ፎቶው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማን ምኑን ያገኘው ነበር?

ስለዚህ "ሶፍት ኮፒው አለን" አትበሉኝ። ከጥራዙ ጀርባ የተለጠፈችውን ሲዲ አውጡና ክፈቷት። በመጀመሪያ፣ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፈልጉ። ከተገኘ በኋላ በአማርኛ የተጻፈው ጽሑፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው ለዓመታት የራሳቸውን ፎንት በሚጠይቁ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፕሮግራሞች መጻፉን ቀጥሏል። ፎንቱ ከሌለ ሰውም አያነበው፣ ማሽንም አይማርበት። ቀይሮ ማስቀመጥ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ይቻላል። ስካን የተደረገውም እንዲሁ ነው። ምስል ብቻ ከሆነ ፍለጋ አያገኘውም። ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ነጻ ፕሮግራሞች አማርኛ ያነባሉ፤ ሀን ከሐ፣ ጸን ከፀ እያየ የሚያርም ሰው ግን አጠገባቸው ያስፈልጋል። በካታሎጋችንም "ጸሐይ" ብሎ የፈለገ "ፀሀይ" ተብሎ የተመዘገበውን እንዲያገኝ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እኛን ከሥራ ያስወጣል የሚሉኝን ወደዚህ ክፍል አመጣቸዋለሁ። ሥራው ገና አልተነካም።

ሁሉ ነገር ይከፈት ማለቴ ግን አይደለም። ቃለ መጠይቅ የሰጠች እናት ስሟ መውጣት የለበትም። የገዳም ንብረት የሆነውን አበው ሳይፈቅዱ ኢንተርኔት ላይ መጫን ነውር ነው። የባህል መድኃኒት ዐዋቂው ለአንድ ተማሪ ያጫወተውን ለዓለም ሁሉ እንደተናገረ መቁጠርም አይገባም። ማሽን አንዴ ያነበበውን መልሶ ማስረሳት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ቀድሞ ነው።

መምህራን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ይህን ነው። ተማሪው ጽሑፉን ተከላክሎ ሲጨርስ፣ ከጥራዙ ጋር በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይልና የፈረመበት የፈቃድ ቅጽ ሳያስረክብ ክሊራንስ አይፈረምለት። ማሽን ከተጠቀመም ለምን እንደተጠቀመ ይጻፍ፤ አያስፈራም። ማጣቀሻውን ግን እያንዳንዱን በዓይኑ አይቶ ያምጣ። እኛ በጓሳና በገብስ ላይ ከተጻፉት እንጀምራለን፤ ብዙ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። የፈቃድ ቅጹ አንድ ገጽ ነው። በሻይ ሰዓት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የሚስተካከል ካለ እዚያው ላይ ጻፉልን።

አመሰግናለሁ።